የመኪና መስታወት ፊልም በአማን፦ ንጹሕ አለጣጠፍና ጥንቃቄው

በሐምሌና በነሐሴ እኩለ ቀን አማን ውስጥ ደጅ የዋለ መኪና ሲከፈት የሚወጣው ወላፈን ከምድጃ አፍ አይለይም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ700 እስከ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው ኮረብቶች ላይ ብትሰፍርና ምሽቷ ነፋሻ ቢሆንም፣ ደመና የሌለው ሰማይና ብርሃን የሚያንጸባርቀው ነጭ የሕንፃ ድንጋይ ቀኑን ያከብዱታል። በዚህም ምክንያት በመኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው ስስ ፊልም፣ አገሬው «ተዝሊል» ኢትዮጵያውያን ደግሞ «ቲንት» የሚሉት፣ በከተማዋ ብዙ ፈላጊ አለው። ለአዲስ አበባ ሰው ሶማሌ ተራን የሚያስታውሰው የባያደር ዋዲ ሲር የጋራዥ ሰፈር ከመኪና ጋር የተያያዘ ሥራ ሁሉ የሚገኝበት ነው፤ ቲንት ለማስለጠፍ የሚፈልግ ባለመኪናም መጀመሪያ የሚያስበው እንዲህ ያለውን ሰፈር ነው።

ይሁን እንጂ ከአንድ ጥቅል የተቆረጠ ፊልም በሁለት መኪናዎች ላይ ተለጥፎ፣ በአንዱ ላይ ለዓመታት የመስታወቱ አካል መስሎ ሲቆይ፣ በሌላው ላይ ግን ሥራው ባለቀ ማግስት ነጠብጣቡ፣ አረፋውና የተላቀቀው ጠርዝ ይታያል። የልዩነቱ ምንጭ በአብዛኛው የፊልሙ ዋጋ አይደለም። ፊልሙ መስታወቱን ከመንካቱ በፊት በሚያልፈው አንድ ሰዓት ውስጥ ውሃው ከየት እንደ መጣ፣ አቧራው እንዴት እንደ ተያዘ፣ የመስኮቱ ጎማ ሥር ማን እንዳጸዳው ነው። ይህ በየትኛውም አገር የሚሠራ እውነት ቢሆንም፣ ውሃዋ ኖራ በበዛበትና የድንጋይ ብናኝ በማይጠፋባት በአማን ግን ይበልጥ ይጠብቃል።

የፊልሙ ዓይነትና የመቶኛው ትርጉም

የመኪና ቲንት ከፖሊስተር የተሠራ፣ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ውፍረት ያለው ስስ ሉህ ነው። በአንድ ፊቱ ሙጫ፣ በሌላው ፊቱ ጭረት የሚቋቋም ጠንካራ ልባስ አለው። ሙጫው እስኪለጠፍ ድረስ በግልጽ መሸፈኛ ላስቲክ ተጠብቆ ይቆያል። ርካሹ ዓይነት ቀለም የተነከረ ሲሆን፣ ዓመታት ሲያልፉ ፀሐይ ቀለሙን እየበላችው ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። የብረት ብናኝ ያለበት ዓይነት ሙቀትን በደንብ ይመልሳል፤ ነገር ግን የሬዲዮ፣ የስልክና የአቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያ ሞገድን ሊያደክም ይችላል። የካርቦንና የሴራሚክ ፊልሞች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ሴራሚኩ በተለይ ሳይጠቁር ሙቀት በመከላከል ይታወቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከፀሐይ ከሚመጣው ኃይል ግማሽ ያህሉ ዓይን የማያየው የታሕተ ቀይ ጨረር ነው። ስለዚህ የፊልሙ ጥቁረት ብቻውን የመኪናውን ቅዝቃዜ አይወስንም። ፈዘዝ ያለ ሴራሚክ ከጥቁር ርካሽ ፊልም የተሻለ ሊያቀዘቅዝ ይችላል። በአማን ጎዳናዎች ላይ በብዛት ለሚታዩት የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪናዎች ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ የማቀዝቀዣው ድካም በቀነሰ መጠን ባትሪው የሚያስኬደው ርቀት ይጨምራልና።

ሁለተኛው መደናገሪያ መቶኛው ነው። በፊልም አምራቾች ዘንድ 35 በመቶ ማለት ፊልሙ ከብርሃኑ 35 በመቶውን ያሳልፋል ማለት ነው፤ ስለዚህ 35ቱ ከ50ው የጠቆረ ነው። በየሱቁ ግን «ሠላሳ በመቶ ጥቁር» የሚለው አነጋገር ተቃራኒውን፣ ማለትም 30 በመቶውን የሚከለክል ማለትን ሊይዝ ይችላል። ደንበኛው «ስንት ያሳልፋል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በዚህ ላይ ከፋብሪካ የወጣው መስታወት ራሱ ጥቂት ብርሃን እንደሚያስቀር መዘንጋት የለበትም። 78 በመቶ የሚያሳልፍ የጎን መስታወት ላይ 50 በመቶ የሚያሳልፍ ፊልም ሲለጠፍ ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን 39 በመቶ ብቻ ነው፤ ፊልሙ 35 ከሆነ ደግሞ ወደ 27 በመቶ ይወርዳል። ሁለቱ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም።

ሕግና የሌሊት እይታ

የዮርዳኖስ የትራፊክ ሕግ ቁጥር 49 እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣና በ2023 የተሻሻለ ነው። በተሽከርካሪ መስታወት ላይ የሚደረግ ጥላ ባለቤቱ እንደ ወደደ የሚያጠቁረው ሳይሆን በመመሪያ የሚገደብ ጉዳይ ነው። ልኩ በየጊዜው ሊሻሻል ስለሚችል፣ የጎረቤት መኪና ጠቁሮ መታየቱ ማስረጃ አይሆንም። ባለቤቱ ፊልሙን ከመግዛቱ በፊት በሕዝብ ደኅንነት ዳይሬክቶሬት ሥር ባለውና ዋና መሥሪያ ቤቱ ማርካ በሚገኘው የአሽከርካሪዎችና የተሽከርካሪዎች ፈቃድ መምሪያ መጠየቅ ይገባዋል። በጉዞ ላይ በፖሊስ ወይም በምርመራ ጊዜ ተገኝቶ የሚነሣ ፊልም ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ አንድ ጊዜ ለመለጠፍ፣ አንድ ጊዜ ለማላቀቅ።

ከቅጣቱ በላይ ግን እይታው ያሳስባል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ መስታወት ደንብ ቁጥር 43 ለአሽከርካሪው የፊት እይታ የሚያገለግል መስታወት ቢያንስ 70 በመቶ ብርሃን እንዲያሳልፍ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። የአማን መንገዶች ዳገትና ቁልቁለት የበዛባቸው፣ በብዙ ሠፈሮች የእግረኛው ደረጃ በቀጥታ መንገድ ላይ የሚወርድባቸው ናቸው። ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ ማታ ከጎን ሲገባ የሚታየው በፊት በሮች መስታወት በኩል ነው። አሽከርካሪው ስፖኪዮውን የሚያየውም በዚያው መስታወት ውስጥ አልፎ ነው። ሌላው ቢጠቁር እንኳ ይህ ክፍል መጥራት አለበት፤ ለአሽከርካሪው አጠገብ የሚለጠፍ ፊልም ላይ የአለጣጠፍ ጥራትም የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእርጥበት የደበዘዘ ወይም የተጨማደደ ፊልም ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን ይበትነዋል፤ አሽከርካሪውም ለአፍታ ምንም አያይም።

ውሃው

በአማን ለጥቂት ወራት ቡና ያፈላ ሰው የማንቆርቆሪያውን ግርጌ ቢመለከት ነጭ ቅርፊት ያገኛል። ያ ቅርፊት ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ የያዘው ማዕድን ነው። የከተማዋ ውሃ ከልዩ ልዩ ምንጮች ይሰበሰባል፤ ከዮርዳኖስ ሸለቆ ተስቦ በዛይ ጣቢያ የሚጣራው አለ፣ ከአካባቢው ጉድጓዶች የሚወጣው አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮም ከደቡቡ የዲሲ ከርሰ ምድር በረጅም ቧንቧ የሚመጣው አለ። በአብዛኛው ሠፈር ውሃ የሚለቀቀው በተራ፣ በሳምንት የተወሰነ ጊዜ ስለሆነ በጣሪያ ላይ ታንከር ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል፤ እዚያም ዝቃጭ ይጨምራል።

ይህ ለፊልም ለጣፊው ምን ያገባዋል? ፊልሙ የሚለጠፈው በውሃ ላይ ተንሳፎ ነው። ውሃው ተገፍቶ ከወጣ በኋላ የቀረው እርጥበት ቀስ ብሎ ይተናል፤ ማዕድኑ ግን አይተንም። በመስታወቱና በሙጫው መካከል ነጭ ጤዛ የመሰለ ምልክት ሆኖ ይቀራል፤ ከፊልሙ ሥር ስለሆነም በምንም አይጸዳም። ስለዚህ ለመጨረሻው ማጠቢያና ለመለጠፊያው የተጣራ ወይም ለባትሪ የሚሸጠው ዓይነት የተተነነ ውሃ መጠቀም ይገባል። ለአንድ መኪና የሚያስፈልገው ጥቂት ሊትር ብቻ በመሆኑ ወጪው ከፊልሙ ዋጋ አንጻር ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ለውጭ አካሉ እጥበት የታንከሩ ውሃ ይበቃል።

ወደ መርጫው ጠርሙስ የሚገባው ሳሙና ሽታና ቅባት የሌለው፣ ለምሳሌ የሕፃን ሻምፑ፣ ለአንድ ሊትር ጥቂት ጠብታ ነው። ሳሙናው ከበዛ ፊልሙ በቀላሉ ይንሸራተታል እንጂ ሙጫው አይይዝም፤ ካነሰ ደግሞ ፊልሙ ባረፈበት ተጣብቆ ማስተካከል ያስቸግራል። ቅባት ያላቸው የእቃ ማጠቢያ ሳሙናዎች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ጠርሙሱ ቀድሞ ሌላ ነገር የነበረበት ከሆነ መጣል ይሻላል።

ቦታውና አቧራው

በመጋቢትና በሚያዝያ ኸማሲን የሚባለው የበረሃ ነፋስ ሲነሣ የአማን ሰማይ ቢጫ ይሆናል። በዚያ ቀን ቲንት መለጠፍ ልፋት ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ከግንባታ ቦታዎችና ከድንጋይ ጠራቢዎች የሚነሣው ነጭ ዱቄት በየቦታው ያርፋል። ስለዚህ ሥራው በአራት ግድግዳ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ማራገቢያውና የመኪናው ማቀዝቀዣ ጠፍቶ መሠራት አለበት። ወለሉን በጥቂቱ በእርጥብ መወልወያ ማበስ አቧራውን ያሳርፈዋል፤ ውሃ በሚቆጠርባት ከተማ ወለል ማጥለቅለቅ አያስፈልግም። ሠራተኛው ክር የሚበትን ሹራብ አይልበስ። የፍርግርግ ጨርቅ፣ የሱፍ ኮት፣ አዲስ ፎጣ፣ ሁሉም ክር ይረጫሉ፤ በፊልም ሥር የተገኘች አንዲት ክር ከሩቅ ታስታውቃለች።

ፀሐይም ጠላት ነው። ሞቃት መስታወት ላይ ውሃው ፊልሙ ሳይስተካከል ይደርቃል። መኪናው ከውጭ ከገባ ቢያንስ መስታወቱ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይገባል።

መስታወቱን ማጽዳት

ትልቁ ክፍል ይህ ነው፤ የሚዘለለውም ይኸው ነው። መጀመሪያ የመኪናው ውጭ ይታጠባል፣ በሮቹ ተከፍተው የበሮቹ ጠርዝና ጎማ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የበሩ ውስጠኛ ሽፋን፣ የመስኮት ማውጫ ቁልፎችና ድምፅ ማጉያው በፎጣና በላስቲክ ይሸፈናሉ፤ በዘመኑ መኪናዎች በር ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ውሃ አይወድም። ቀጥሎ መስታወቱ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ተደርጎ የላይኛው ጠርዝ ይጸዳል። ብዙ ጊዜ መላቀቅ የሚጀምረው ከዚህ ጠርዝ ሲሆን፣ ምክንያቱም ከጎማው ውስጥ የሚሸሸግ በመሆኑ ማንም ስለማያየው ነው።

የውስጠኛው ፊት ሁለት ጊዜ ይጸዳል። በመጀመሪያው ውሃው በብዛት ተረጭቶ አዲስ ምላጭ በተገጠመበት መፋቂያ መስታወቱ በሙሉ ይፋቃል። ምላጩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ የተመለሰ ምላጭ ሥሩ የገባውን አሸዋ ይዞ መስታወቱን ይጭራል። እርጥብ ባልሆነ መስታወት ላይም አይነካም። የፀዳ መስታወት ላይ ምላጭ ሲሄድ ድምፁ ይለወጣል፤ ልምድ ያለው ሠራተኛ በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው የሚያውቀው ለዚህ ነው። ከዚያ መስታወቱ በንጹሕ ውሃ ተረጭቶ በመጥረጊያ ጎማ ከላይ ወደ ታች፣ መስመሮቹ እየተደራረቡ ይጠረጋል።

በሁለተኛው ጊዜ ትኩረቱ የታችኛው ጎማ ላይ ነው። መስታወቱ ወደ በሩ የሚገባበት ይህ ጎማ ለዓመታት የተጠራቀመ አሸዋ ይዟል። ውሃ ሲረጭበት ጭቃው ወደ ላይ ይዘላል። ስለዚህ ወደ ጎማው መርጨት ሳይሆን፣ ክር የማይተው ጨርቅ በጠንካራ ካርድ ላይ ተጠቅልሎ በጎማውና በመስታወቱ መካከል ገብቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ይሳባል፤ ጨርቁ ይገለበጥና ይደገማል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይህ አይቆምም። አንዳንድ ለጣፊዎች በጎማው ላይ ሰፊ ወረቀት ፕላስተር ለጥፈው አሸዋውን ይቆልፉታል፤ ጥሩ ዘዴ ነው።

የኋላው መስታወት ግን ሌላ ሕግ አለው። በውስጥ ፊቱ ላይ ያሉት ቀያይ መስመሮች ጤዛ ማድረቂያ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ናቸው፤ በአንዳንድ መኪናዎችም የሬዲዮ አንቴናው እዚያው ነው። ምላጭ ከነካቸው ይቆረጣሉ፤ የተቆረጠ መስመር ደግሞ በብርዱ ወራት ጠዋት ላይ ያለ ማየት ይተዋል። እዚያ ላይ በለስላሳ ነጭ መፈተጊያ ስፖንጅ ብቻ፣ በመስመሮቹ አግድም አቅጣጫ ማሸት ይገባል። የድስት መፈተጊያ ሽቦ በየትኛውም መስታወት ላይ አይታሰብም።

መቁረጥና በሙቀት ማስያዝ

ፊልሙ የሚለካው በውስጥ ሳይሆን በመስታወቱ ውጭ ነው። ውጭው በሳሙና ውሃ ይረጠባል፤ ፊልሙ መሸፈኛ ላስቲኩ ወደ ሠራተኛው ሆኖ ይዘረጋል። የትኛው ፊት መሸፈኛው እንደሆነ ካልታወቀ፣ በአንዱ ጥግ በግራና በቀኝ ሁለት ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፎ ሲሳብ ይለያል። መጀመሪያ በሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይቆረጣል፣ ቀጥሎ ጎኖቹ በመስታወቱ ጠርዝ ልክ ይስተካከላሉ። ከታች ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይተዋል፤ ይህ ወደ ጎማው ሥር የሚገባ ነው። የላይኛው ጠርዝ ከመስታወቱ ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። በትክክል ጫፍ ላይ ያረፈ ፊልም መስኮቱ በወጣና በወረደ ቁጥር ከጎማው ጋር እየታከከ ይላቀቃል።

መቁረጫው ስለታም መሆን አለበት፤ የምላጩ ጫፍ በየጥቂቱ ይሰበራል፣ ይጣላል። የደነዘዘ ምላጭ ፊልሙን ይቀድዳል እንጂ አይቆርጥም። መስታወቱ ላይ ጫን ማለትም አያስፈልግም።

የጎን መስታወቶች በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚታጠፉ ፊልሙ በቀላሉ ይተኛባቸዋል። የኋላው መስታወት ግን ወደ ጎንም ወደ ታችም የጎበጠ ነው፤ ጠፍጣፋ ሉህ እንደ ኳስ ባለ ነገር ላይ ሲለብስ ጣት የመሰሉ እጥፋቶች ይወጣሉ። እነዚህ በሙቀት ይሰበሰባሉ። ፊልሙ የሚኮማተረው በዋናነት በጥቅሉ ርዝመት አቅጣጫ ስለሆነ፣ ጥቅሉ ከግራ ወደ ቀኝ ከተዘረጋ እጥፋቶቹ ወደ ላይኛውና ወደ ታችኛው ጠርዝ መገፋት አለባቸው። ይህን ያልተረዳ ጀማሪ አንዱን እጥፋት ለአሥር ደቂቃ ሲያሞቅ ይውልና ፊልሙን ያቃጥላል።

በደረቅ ዘዴ የሚሠሩት የመስታወቱን ውጭ በጥቂት የሕፃን ፓውደር ያብሳሉ፣ ፊልሙን በመካከል በእርጥበት ብቻ ያስይዛሉ፤ ከዚያ የሙቅ አየር መተንፈሻው ከፊልሙ ራቅ ብሎ ሳይቆም እየተንቀሳቀሰ እጥፋቱን ያሞቃል። እጥፋቱ ራሱ ሲሰበሰብ በጠንካራ ካርድ ይዳመጣል። ሙቀት በአንድ ቦታ ቆሞ መተው ፊልሙን ያጨማድዳል፤ ከዚያም አልፎ በብርድ ቀን የኋላውን መስታወት ሊሰነጥቀው ይችላል። በዮርዳኖስ ዝናብና ብርድ ባለባቸው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ይህ ስጋት ከፍ ይላል።

መለጠፍ

ከመለጠፉ በፊት መስታወቱ ለመጨረሻ ጊዜ በተጣራ ውሃ ይረጫልና በመጥረጊያ ጎማ ይጠረጋል። የሠራተኛው እጅ ይታጠባል፣ ይረጠባል። የመሸፈኛው ላስቲክ ሲላቀቅ የአየር መብረቅ ያመነጫል፤ ይህ ኤሌክትሪክ በአካባቢው ያለውን ብናኝ ሁሉ ወደ ሙጫው ይስባል። ስለዚህ ላስቲኩ በእርጥብ መስታወት ላይ ቀስ ብሎ እየተላቀቀ የተገለጠው ሙጫ ወዲያው በሳሙና ውሃ ይረጫል። ለዚህ ብዙ ሰው የሚቆጥበው ውሃ በኋላ የማይነቀል አቧራ ይሆናል።

ቀድሞ የላይኛው ግማሽ ብቻ ይገለጣል። ፊልሙ በእጅ መዳፍ ሳይሆን በጣት ጫፎች በጥጉ ተይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መስኮቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሳለ የላይኛው ጠርዝ ይስተካከላልና በመካከል በትንሹ ይዳመጣል። ቀጥሎ መስኮቱ በሙሉ ይዘጋል፣ የቀረው ላስቲክ ይገለጣል፣ የታችኛው ትርፍ ጎማው በካርድ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ይገባል። በዚህ ጊዜ ፊልሙ ከጎማው ጋር እንዳይነካካ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ የተወገደው አሸዋ ቀሪው በዚህ ቅጽበት ነው የሚገባው።

የፊልሙ ውጫዊ ፊት ተረጭቶ መጥረጊያው ከመካከል ወደ ዳር ይነዳል። መጀመሪያ ለስላሳ ግፊት፣ ከዚያ ጠንካራ። መስመሮቹ ሳይደራረቡ ከቀሩ በመካከላቸው የቀረ ውሃ ይታጠራል። ጠርዞቹ በጠንካራ ካርድ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ፎጣ ይዳመጣሉ፤ ወረቀቱ የወጣውን ውሃ ስለሚጠጣ ተመልሶ አይገባም። በዚህ ሰዓት የገባ አቧራ ከታየ፣ ያ ጥግ ብቻ በርጩ ተነሥቶ ቅንጣቱ በሙጫው ላይ በተለጠፈ ቁራጭ ፕላስተር ሊነሣ ይችላል፤ በማግስቱ ግን አይቻልም። የታጠፈ ፊልም ደግሞ ጨርሶ አይድንም። ሌላ ከመቁረጥ በቀር መፍትሔ የለውም፤ ቀኑ መሽቷል ብሎ የተሸፋፈነ እጥፋት ባለቤቱ ሁልጊዜ ያገኘዋል።

ከሥራው በኋላ

መኪናውን የተረከበ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ትንንሽ የውሃ ኪሶችንና ጭጋግ የመሰለ ብዥታን ቢያይ አይደንግጥ። ውሃው በፊልሙ በኩል እየተነነ ያልቃል፤ በሐምሌ ፀሐይ በጥቂት ቀናት፣ በጥር ብርድ እስከ አንድ ወር ሊፈጅ ይችላል። ልዩነቱን ማወቅ ግን ይጠቅማል፦ ውሃ ያለበት ኪስ በጣት ሲነካ ይንቀሳቀሳል፣ በየቀኑም ያንሳል፤ በመካከሉ ቅንጣት ያለበት ጉብታ ግን አይለወጥም። ያ አቧራ ነው፣ ወደ ለጣፊው መመለስ አለበት።

መስኮቶቹ ቢያንስ ለሦስት፣ በብርድ ጊዜ ለሰባት ቀናት አይወርዱም። በአማን መግቢያዎች ላይ መስኮት አውርዶ ለጠባቂ ሰላም ማለት የተለመደ በመሆኑ፣ ለጣፊዎች የመስኮቱን ቁልፍ በፕላስተር መሸፈን ልማድ ቢያደርጉ ይበጃል። የኋላው ጤዛ ማድረቂያም እስኪደርቅ ድረስ አይበራ።

አሮጌ ፊልም ማንሣት

አሮጌ ፊልም በደረቁ ሲላቀቅ ቀለሙ ይነሣና ሙጫው ይቀራል። በእንፋሎት ወይም በሙቅ አየር ለስልሶ ከአንድ ጥግ ቀስ ብሎ በአንድ ወጥ መሳብ ይሻላል። ለኋላው መስታወት የአማን ፀሐይ ራሷ ትረዳለች፦ ፊልሙ በሳሙና ውሃ ይረጠባል፣ ጥቁር ላስቲክ ይለብሳል፣ መኪናው ለአንድ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ይቆማል። አንዳንዶች አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ይጨምራሉ፤ ሙጫውን ይፈታል፣ ነገር ግን በተዘጋ መኪና ውስጥ ሽታው ሳንባ ያቃጥላል፣ መቀመጫንም ያበላሻል። በሮቹ ካልተከፈቱና አፍንጫ ካልተሸፈነ መሞከር የለበትም።

ሙያውን ለሚያስቡና መኪና ለሚያጥቡ

ይህ ሥራ በጥቂት መሣሪያ የሚጀመር በመሆኑ ወደ አገር ሲመለሱ ሊይዙት የሚያስቡ ወጣቶች አሉ። ዮርዳኖስ ውስጥ ግን የሥራ ሚኒስቴር ለዜጎች ብቻ የተከለሉ ሙያዎች ዝርዝር አለው፤ የሥራ ፈቃድም ለተወሰነ ሥራና ለተወሰነ አሠሪ የሚሰጥ ነው። በቤት ሠራተኛነት ፈቃድ ጋራዥ ውስጥ የተገኘ ሰው የሚያጣው የዕለት ክፍያውን ብቻ ላይሆን፣ መኖሪያ ፈቃዱም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም እርምጃ ከመውሰድ በፊት ሚኒስቴሩን መጠየቅ፣ ሙያውን በማየትና በማንበብ መያዝ፣ ልምምዱን ደግሞ በሕጋዊ ቦታ ማድረግ ይመረጣል። ለልምምድ የተነቀለ አሮጌ የመኪና በር ይበቃል።

በአሠሪ ቤት የቤተሰቡን መኪና የሚያጥቡ ደግሞ አንድ ነገር ይበቃቸዋል። ቲንት ያለበትን መስታወት ከውስጥ በአሞኒያ ማጽጃ፣ በሻካራ ስፖንጅ ወይም በጋዜጣ ማጽዳት ልባሱን ይጭረዋል፣ ርካሹን ፊልም ደግሞ ያደበዝዘዋል። የሚያስፈልገው ለስላሳ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ለብ ያለ ውሃና አንድ ጠብታ ሳሙና ነው። ጨርቁ ከኋላው መስታወት ላይ ሲያልፍ በመስመሮቹ አግድም ይሂድ፤ ፊልሙ አዲስ ከሆነ ደግሞ ወሩ እስኪያልቅ ድረስ ውስጡ ጨርሶ አይነካ።